ከመተማ እስከ ጋላፊ

የኔነሽ ጓዳ ውስጥ ሆና የባሏን ሳቅ ሰማች። ከሳቁ በፊት የተናገረውንም ሰምታለች። «ሴት ማለት እንዲህ ናት እንጂ» ነበር ያለው አለባቸው፣ ለጎረቤታቸው ለአንዳርጌ። «የኛዋማ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት መመላለሱም ደክሟታል።» ከዚያ ሳቀ። አንዳርጌ አብሮ አልሳቀም። የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ በሰው ትዳር ወሬ መሀል ሲገባ ፍሬን መያዝ ያውቃል። የተሞገሰችው ታናሽ እህቷ ሰብለም እዚያው ተቀምጣለች። የኔነሽ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። «ተው እንጂ ጋሼ» የሚል ቃል ይመጣል ብላ ነበር። አልመጣም። ከባሏ ሳቅ ይልቅ የእህቷ ዝምታ አንገበገባት። የፍርፍሩን ድስት አወረደች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው ትሪውን ይዛ ወጣች።

ሳሎኑ ጠባብ ነው። ሁለት ሶፋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ አለባቸው ጋዋን ለብሶ የተመረቀ ጊዜ የተነሳው ፎቶ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል። መስከረም እያለቀ ቢሆንም የንፋስ መውጫ ከተማ ብርድ ገና አልለቀቀም፤ በሩ ገርበብ ብሎ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ጫፍ በነፋሱ ይንኳኳል። ሰብለ ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታለች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች፤ የምትኖረው በኪራይ ቤት ነው። ጠባብ የስፖርት ሱሪ ለብሳ፣ ባቷ እንደ ተገመደ ገመድ ሆኖ ይታያል። የኔነሽ ትሪውን ስታስቀምጥ ዓይኗ የእህቷ ባት ላይ አረፈና ቶሎ ነቀለችው።

ከተማው ሁሉ ያወራው የሰብለ እቅድ ይህ ነው፤ በኅዳር ከመተማ ትነሳለች፤ ጎንደርን፣ ደብረ ታቦርን፣ ንፋስ መውጫን አልፋ፣ በጋሸና ወልድያ ወርዳ፣ በጭፍራና በሚሌ በኩል እስከ ጋላፊ፣ እስከ ጅቡቲ ኬላ ድረስ፣ አገሩን ከምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ በሩጫ ታቋርጣለች። መንገዱ ሰላም የነበረበት ዓመት ነውና በዚያ በኩል ያስፈራት ነገር የለም። መኪና አይከተላትም። ውሃዋን፣ ስንቋን፣ የምትተኛበትን ሸራ በእጅ ጋሪ ላይ ጭና እየገፋች፣ ራሷን ችላ ነው የምትሮጠው። «ስንት ይከፍሉሻል?» ብሎ ያልጠየቃት ሰው የለም። «እኔ ነኝ የምከፍለው» ስትል የቀለደች ይመስላቸዋል።

አለባቸው የግብርና ጽሕፈት ቤት ሰው ነው፤ እቅድና በጀት የሚባል ነገር ካገኘ እንጀራም አይፈልግ። ወረቀት ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ እያነሳ ይጽፋል። «ጫማ?» ይላል። «ሁለት ጥንድ፤ አንዱ አለኝ» ትላለች። «ሸራ?» «ከአባድር ሱቅ፤ ወፍራሙን።» «የስልክ ካርድ? የዕለት ወጪ? ለሻይ ለዳቦ?» አንድ በአንድ ይደምራሉ። «ስንቅስ?»

«በሶው ከእታለም ነው» አለች ሰብለ፣ ቀና ሳትል። እታለም የምትለው ታላቅ እህቷን የኔነሽን ነው።

የኔነሽ ሻይ እየቀዳች ነበር። ስለ በሶ የጠየቃት የለም። ገብሱን ማን እንደሚገዛው፣ ማን እንደሚቆላው፣ ማን ወፍጮ ቤት ተሰልፎ እንደሚያስፈጨው አልተነሳም። ዝናብ ከላይ ይመጣል እንደሚባለው በሶው ከእታለም ይመጣል፣ አለቀ። ብትጠየቅ እሺ ትል ነበር፤ እሱ ነው ያናደዳት። ብርጭቆውን ለአንዳርጌ ሰጠችው። አንዳርጌ አመስግኖ፣ ወደ ካርታው አጎንብሶ፣ «ከመተማ እስከ ጎንደር ሙቀትና አቀበት ነው፤ ግን ሰው አለ» አለ። «እስከ ወልድያም ሰው አለ። ከጭፍራ ወዲያ ሰውም ውሃም ይሳሳል። ለዚያ ብር አትመድቢ፤ ውሃ መድቢ።» አለባቸው ይህን በወረቀቱ ላይ አሰፈረና ሰብለን አያት። የኔነሽ አስተያየቱን ታውቀዋለች፤ ድሮ፣ ሳይጋቡ፣ አንድ ሁለት ጊዜ እሷንም እንዲህ አይቷት ነበር።

ባለፈው ዓመት በሴቶች ቀን የከተማው ሴቶች ሩጫ ነበራቸው። የኔነሽ ተመዝግባ፣ ቲሸርት ተቀብላ መጣች። አለባቸው አልተቆጣም። ወጥ እያጠቀሰ፣ «የሁለት ልጆች እናት በሱሪ አስፋልት ላይ? ሰው ምን ይላል?» ብቻ ነው ያለው። በማግስቱ ሴቶቹ በሱቋ በር እየተሳሳቁ ሲያልፉ ዘይት ትቀዳ ነበር። ቲሸርቱ የመስኮት መወልወያ ሆኖ ቀረ። ይኸው ሰው ነው አሁን «ሴት ማለት እንዲህ ናት» የሚለው።

ወንዶቹ ወደ ሥራቸው ሲሄዱ ሰብለ፣ «ነይ ጋሪውን እይልኝ» አለቻት። የምታስተምረው በከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋቱ የራሷ ነው። የኔነሽ ሱቅ መክፈት ነበረባት፤ ግን ሄደች። ለምን እንደሄደች እሷም አታውቅ፤ የሚቀናበትን ነገር በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሆድ አለ። በዋናው አስፋልት ዳር ዳር ሄዱ። የባጃጅ ሾፌሮች ከመንገድ ማዶ «ሰብልዬ፣ መቼ ነው?» ይላሉ። የኮሌጅ ተማሪዎች ስልካቸውን አውጥተው አብረዋት ፎቶ ይነሳሉ። ለየኔነሽ ሰላምታ የሰጣት አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ዘይት ገብቶ እንደሆን ጠየቃት። ሰብለ ፈጥና ትራመዳለች፤ የኔነሽ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች ትከተላለች። እኩል ለመራመድ ብትፈልግ ትችል ነበር። በተወለዱበት በስማዳ፣ ልጅ ሆና፣ ይህችን ሰብለን በጀርባዋ አዝላ ከወንዝ እስከ ቤት ስትሮጥ የሚቀድማት ወንድ አልነበረም። ይህን የሚያውቁ እናታቸው እማማ ላቀች ናቸው፤ እሳቸውም እዚያው ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ናቸው፤ ደግሞም ከረሱት ቆይተዋል።

በያጁ ክንዱ ግቢው በራፍ ላይ ጋሪውን አቁሞ ቀለም እየቀባው ነበር። ከኋላ ሁለት የብስክሌት ጎማ፣ ከፊት አንድ ትንሽ ጎማ፣ አካሉ የውሃ ቧንቧ ነው። ለሁለት ጀሪካንና ለአንድ ኬሻ የሚሆን ቦታ አለው፤ እጀታው በላስቲክ ተጠምጥሟል። የሚያምር ነገር ነው። የኔነሽ ያምራል ብላ አላሰበችም ነበር፤ ብዙ የተወራለትን ነገር ሲያዩት ያንሳል ብላ ነው የመጣችው። ክንዱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ብረት መወደዱን፣ በተነጋገሩበት ዋጋ እንደማይወጣ፣ ለሷ ስለሆነ እንጂ ከዚህም በላይ እንደሚያስከፍል አስረዳ። ሰብለ አልተከራከረችም። ስልኳን አውጥታ ቁጥሮቿን አየች፣ አንዱን አጠፋች።

«ምን ቀነስሽ?» አለች የኔነሽ።

«አልጋ።»

«አልጋ ቀንሰሽ የት ልታድሪ?»

«የመሸብኝ እንግዳ ነኝ እላለኋ። አሳድሩኝ ሲባል እምቢ የሚል ቤት የት አለ? ካልሆነም ቤተ ክርስቲያን ደጅ።»

የኔነሽ ወደ ጋሪው ዞረች። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ በማታውቀው አገር፣ ከማታውቀው ሰው ደጅ ቆማ «አሳድሩኝ» ስትል ታየቻት። ልትፈራላት በተገባ። እሷ ግን የተሰማት ሌላ ነው። ይህች ልጅ በየደጁ «የማን ልጅ ነሽ? ከየት መጣሽ?» ትባላለች፤ በየማታው አዲስ ሰው ያዳምጣታል፤ ጧት ጧት ማንም ሳይጠራት ትነሳለች። አንድ ወር ሙሉ የራሷ። የኔነሽ ካገባች ወዲህ የራሷ የሆነ አንድ ቀን አስባ ልታገኝ አልቻለችም፤ ወልዳ የተኛችበትን ካልቆጠረች በቀር። 

እጀታውን ያዘች። ዝም ብላ ነው የያዘችው። ጋሪው ባዶ ነበርና ገፋ ስታደርገው ቀለል ብሎ ሄደ፤ ተከተለችው፤ ግቢው ጥግ ደርሳ አዞረችው፤ ሲመለስ እግሯ ሳይጠይቃት ፈጠነ። ነጠላዋ ወደቀ። ጎማው በጠጠሩ ላይ እየተንኳኳ እጇን ነዘራት፤ ደስ የሚል ንዝረት ነው። ክንዱ ብሩሹን ይዞ፣ «ኧረ እሷ ትሻላለች ገፊ» አለ። ሰብለ ሳቀች። መጥታ በእርጋታ እጀታውን ከእጇ ወሰደችና፣ «ተይ እታለም፣ ቀሚስሽ ጎማው ውስጥ ይገባል» አለቻት። ክፋት አልነበረበትም። የኔነሽ ነጠላዋን አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ሱቅ እንዳረፈደች ተናግራ ወጣች። መንገድ ላይ ያ ጎማ ጋሸና ዳገት ላይ ሲጎብጥ ታያት፤ ሰብለ አስፋልት ዳር ቁጭ ብላ ስታለቅስ። ወዲያው አማተበች። ግን ምስሉን ቶሎ አላባረረችውም።

ሱቋ ከመናኸሪያው አጠገብ ነው። ሰብለን ከስማዳ አምጥቶ ያስተማራት ይህ ሱቅ ነው። የኔነሽ ይህን ለሰው ተናግራ አታውቅም፤ ዛሬ ግን መዝጊያውን ስታነሳ፣ ኬሻዎቹን አፍ አፋቸውን ስትጠቀልል፣ ሚዛኑን ስታስተካክል፣ ለራሷ ደጋግማ ተናገረችው። ጥቂት ቆይቶ መምህር መሐሪ መጡ። የሰብለ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ጸጉራቸው ገባ ያለ፣ ጥንቁቅ ሰው። ሳሙናና ክብሪት ጠየቁ። እሷ ስታወርድላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰብለ የአንድ ወር ፈቃድ ጠይቃለች» አሉ። «ያለ ደመወዝ ነው፤ ክፍለ ጊዜዋን የሚሸፍን ሰውም አግኝታለች። ዛሬ ነው የምወስነው። እንደው እንደ ታላቅ እህት፣ ቤተሰቡ ምን ይላል?»

የኔነሽ ሳሙናውን በላስቲክ ጠቀለለች። ከውሸት ሁሉ የሚቀለው ግማሹ እውነት የሆነው ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ፣ ሰብለ ሳትበላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይታ፣ በዚያ ላይ ሮጣ መጥታ፣ ከእህቷ ግቢ በር ላይ ተዘረረች። ቤት ውስጥ የኔነሽ ብቻ ነበረች። ደግፋ አስገባቻት፣ አጥባ አስተኛቻት፤ ጾሙ ሲፈታ በሉ፣ ሳቁበትም፣ ለማንም አልነገሩም። ጠንካራ ሰው ሁሉ በባዶ ሆዱ ቢሮጥ ይወድቃል። የኔነሽ ይህን ታውቃለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ መምህር» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ብቻ… በነሐሴ ሮጣ ስትመጣ ወድቃብኝ ነበር። ራሷን ስታ። ሰው አልነገርንም እንጂ።»

መምህሩ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ራሷን ስታ?»

«ያስፈራኛል፤ እህት አይደለሁ።»

«ደግ አደረግሽ የነገርሽኝ» አሉ። «መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ማን ፈቀደላት ነው የሚባለው።» ሒሳባቸውን ሰጥተው፣ አመስግነው ሄዱ። የኔነሽ ከኋላቸው እያየች ቀረች። መጀመሪያ ሰውነቷ ቀለላት፤ ጥርሷን ሲጠዘጥዛት የከረመ ሕመም እንደለቀቀ ሰው ነበረች። እንዲያውም ለሚቀጥለው ደንበኛ ሳቅ ብላ ጨው ጨመረችለት። ቀትር ላይ ምሳዋን ከፈተች፤ አልበላችም። ነፋሱ የሱቁን ሸራ እያነሳ ይጥላል። ከሸራው ሥር ተቀምጣ «እህት አይደለሁ» ያለችውን ድምጿን ሰማችው፤ ያን የለሰለሰ ድምፅ። አለባቸውም ሰው ምን ይላል ሲላት እንዲህ ነበር ያለው፣ ሳይቆጣ፣ ለሷ አስቦ።

ሰብለ የመጣችው ወደ አሥር ሰዓት ነው። ፊሽካዋ ገና አንገቷ ላይ ነው። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ከረሜላ አላነሳችም፤ የምስር ኬሻ ላይ ቁጭ አለች። አንዲት ሴትዮ ቡና እስክትመርጥ ድረስ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሁለቱም ለሴትዮዋ ፈገግ ይላሉ። ሴትዮዋ «መቼ ነው የምትሄጂው ልጄ? አምላክ ይከተልሽ» ብላ ስትሄድ ሰብለ ወደ መንገዱ እያየች ተናገረች።

«ከለከሉኝ።»

የኔነሽ ሚዛኑን ትወለውል ነበር።

«የጤና ጉዳይ አለብሽ አሉኝ። በነሐሴ ወድቀሽ ነበር አሉኝ።» ፊሽካዋን በጣቷ ጠመዘዘችው። «ያን ቀን ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ እታለም።»

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!» እያለ ይጣራል። አንድ ሚኒባስ ሞላ፣ ወጣ፤ ሌላ ተተካ። የኔነሽ አልካደችም፤ አላመነችምም።  ከዚያ አፏ ውስጥ የነበረው ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ።

«ጧት አለባቸው ሲስቅብኝ ለምን ዝም አልሽ?»

ሰብለ ዞር ብላ አየቻት። «የሰማሽ አልመሰለኝም።»

«ባልሰማስ?»

«ምን ልበል? ቤቱ የሱ ነው። ገንዘብ ሊጨምርልኝ ቃል ገብቷል። ባስቀይመው…» አልጨረሰችም። ቀላች። «ለዚህ ነው?»

«ለዚህም ነው።»

«ሌላውስ?»

የኔነሽ መወልወያውን አስቀመጠች። ብትዋሽ ቀላል ነበር፤ ስለ ወንበዴ፣ ስለ በረሃ፣ ስለ እናታቸው ጭንቀት ብታወራ ሰብለ ትቀበላት ነበር። «ሌላው ቀንቼብሽ ነው» አለች። «ሁሉ ነገርሽ ያናድደኛል። አረማመድሽ። ጋሪሽ። በሶው ከእታለም ነው ማለትሽ። አንቺ አገር ስታቋርጪ እኔ እዚህ ተቀምጬ ለጠየቀ ሁሉ ‹አዎ እህቴ ናት› ልል ነው። እሱ ነው ያናደደኝ።»

በሰብለ ፊት ላይ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር መጣ። ብድግ አለች። «ፈቃድ ካልሰጡኝ ሥራውን እለቃለሁ» አለች። «እሄዳለሁ፣ እታለም። ስመጣ ደመወዝ አይኖረኝም፤ ያኔ ቢቸግረኝም አንቺ ጋ አልመጣም።» ወጣች። ስትሄድ አልሮጠችም።

የኔነሽ ሱቁን ገና ጀምበር ሳለች ዘጋችው። ጎረቤት ባለሱቋ «ምነው በሰላም?» ስትላት «በሰላም» አለች። የመምህር መሐሪ ቤት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። ባለቤታቸው ባንቺዓለም በሩን ከፍታ፣ ግቢ ገብተሽ ሳትቀምሺማ ብላ፣ ቆሎ አቀረበች፤ መምህሩ ጋቢ ለብሰው ወጡ። የኔነሽ ለመቀመጥ አልፈለገችም፤ አስቀመጧት። ቆሎ ማንሳት አልፈለገችም፤ አነሳች። ሦስቱም ስለ ዝናቡ ቶሎ መውጣት ተነጋገሩ። የኔነሽ ባንቺዓለም ትነሳለች ብላ ጠበቀች፤ አልተነሳችም።

«ጧት የነገርኩዎት» አለች በመጨረሻ። «መውደቋ እውነት ነው። በባዶ ሆዷ ሮጣ ነው። ወዲያው ነቃች፤ በማግስቱም ሮጣለች። ይህን ደብቄ ነው የነገርኩዎት።»

«ለምን?» አሉ መምህሩ።

«ቅናት ነው።»

ባንቺዓለም የቆሎውን ሰሃን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረች። መምህሩ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ሰው ሲዋሽ ሰምተዋል፤ ሲያለቅስም ሰምተዋል፤ ይህን ቃል በራሱ ላይ የሚናገር ሰው ግን የለመዱ አይመስሉም። ተቆጥተው ቢሆን ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን መሬት መሬት እያዩ፣ «እንግዲህ አንዴ ሰምቻለሁ» አሉ። «እንዳልሰማሁ መሆን አልችልም። ሐኪም ቤት ሄዳ ተመርምራ ማስረጃ ታምጣልኝ። ደህና ናት ካሉ እፈርማለሁ።» በሩ ድረስ ሸኟት። ባንቺዓለም «ለእህትሽ ንገሪያት፣ እኛም እንጸልይላታለን» አለቻት፤ ዓይኗ ግን ቀድሞ ሲያያት እንደነበረው አልነበረም። ነገ በሱቁ በኩል ስታልፍ ለሌላ ሴት ምን እንደምትል የኔነሽ ገመተች። ይሁን፣ አለች።

እራት ላይ አራቱ፣ ሁለቱ ልጆችና አለባቸው፣ የኔነሽም፣ በአንድ ትሪ ነበሩ፤ ሰብለ ዘግይታ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አለባቸው ነገሩን ከሰብለ ሰምቶ ጧት ያሰፈረውን ወረቀት አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከቶታል። «ይህ መሐሪ የሚባል ሰው» እያለ ያማርራል፤ ነገ ቢሯቸው ሄዶ እንደሚያነጋግራቸው ይዝታል። የኔነሽ ጉርሻዋን አስቀመጠች።

«እኔ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ» አለች። «ያስከለከልኳት እኔ ነኝ፤ ነገሩን ያቃናሁትም እኔ ነኝ። የሐኪም ማስረጃ ታምጣ ብለዋል።» ሰብለ ቀና አለች። አለባቸው አንዷን አንዴ፣ ሌላዋን አንዴ አየ።

«አንቺ ምን ቤት ነሽ? ለምን?»

«ጧት ለአንዳርጌ የነገርከውን ሰምቻለሁ።»

«የቱን?»

«የሳቅህበትን።»

«ቀልድ ነው እኮ፣ የኔነሽ።»

«እስቲ ድገመውና እኔም ልሳቅ።»

አለባቸው አፉን ከፈተ። ልጆቹ እናታቸውን ያያሉ፣ አባታቸውን ያያሉ። ቀልዱ በሳሎኑ ውስጥ፣ በራሷ ፊት፣ እንዴት እንደሚነገር ጠፋበት። ውሃ ጠጣ። ሪሞቱን ፈልጎ ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ ዜና ነበር፤ ማንም አላዳመጠውም። ቆይቶ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ሰው ፊት እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም» አለ።  ትንሽ ነው፤ ግን ከዚህ በፊት ያንንም ብሎ አያውቅም።

ሰብለን እስከ ግቢው በር ሸኘቻት። ብርዱ ፊት ይላጫል። «በሶውን አዘጋጅልሻለሁ» አለቻት የኔነሽ። «ሌላም አስቤ ነበር። በዚህ ስታልፊ፣ ከዚህ እስከ ደብረ ዘቢጥ፣ ጋሪውን እኔ ልግፋልሽ። አብሬሽ ልሩጥ። አንድ ቀን ብቻ።»

ሰብለ የበሩን ብረት ያዘች። «አይሆንም፣ እታለም» አለች። «ብቻዬን ነው ያልኩት። አንድ ሰው አንድ ቀን ከገፋልኝ ብቻዬን አላቋረጥኩትም።»

«ቂም ነው?»

«ትንሽ ቂምም አለበት» አለች ሰብለ፤ ሳቅ ብላ አልነበረም። ከዚያ ግንባሯን በታላቅ እህቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ፣ ወዲያው ቀና ብላ ሄደች።

በማግስቱ የኔነሽ ገና ዶሮ ሲጮህ ተነሳች። የአለባቸውን ቱታ ለበሰች፤ ወገቡን በገመድ አሰረችው። አለባቸው ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ወዴት ነው?» አለ። «መጣሁ። ልጆቹን አንተ ቁርስ አብላቸው» አለችው። በዋናው አስፋልት አልሄደችም። ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው ኮረኮንች ወጣች፤ እዚያ ገብሱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ወገብ ድረስ ደርሷል፣ ጤዛ ይዟል፣ የሚያውቃት ሰውም ጥቂት ነው። ሮጠች። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ትንፋሿ ቆረጠ፤ ጎኗን ወጋት፤ ተራመደች፤ እንደገና ሮጠች። ልጅ ሳለች የነበረው እግር አልነበረም፤ ከብዷል፣ ድንጋይ ይመታዋል። ቅናቱም አልለቀቃትም፤ አብሯት ነው የሮጠው። ሰብለ ይህችን ዳገት ሳትተነፍስ ትወጣታለች ብላ ታስባለች፤ ታስብና እልህ ይይዛታል፤ እልሁ ደግሞ ሌላ ጥቂት እርምጃ ይሰጣታል። ፀሐይ ከሸንተረሩ ላይ ብቅ ስትል ተመለሰች። ላቧ በነፋሱ እየደረቀ፣ ጨው ጨው እያላት፣ ቤት ገብታ ተጣጠበች። ልጆቹ በሽሮ የተቀባ እንጀራ በልተው፣ ቦርሳቸውን ገልብጠው አንግተው ሄደዋል።

ሱቅ ስትደርስ ሁለት ሦስት ሰው በር ላይ ቆሟል። አንዱ አንዳርጌ ነው፤ መኪናውን አቁሞ ውሃ ሊገዛ መጥቷል። መዝጊያውን አብሯት አነሳላት።

«ዛሬስ ምነው ዘገየሽ?» አለ።

«ሮጬ ነው።»

ፊቷ ገና ቀልቶ ስለነበር ልብ ብሎ አያት። «ማን አባሮሽ?»

«ማንም» አለች የኔነሽ፤ ባንኮኒውን ይዛ ውሃውን ልታወጣለት ጎንበስ አለች።